ላስቲኩ ምን በደለ? «ካልደማ አይነካ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሐዋሳ ውስጥ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንደኛዋ የእናቴ ጎረቤት ናቸው። «ሲስተርዬ፣ እስኪ አንብቢውና እውነት ከሆነ ንገሪኝ፤ የእህቴ ባል ቀጠሮ አለው» የሚል ድምፅ አስከትለውበታል።

ጽሑፉን ላላዩት ባጭሩ ልንገራችሁ። የጸሐፊው ታላቅ ወንድም የጉበት ሕመምተኛ ናቸው። ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ ማየት) ሲደረግላቸው የምግብ ቧንቧቸው ውስጥ ያበጡ ደም ስሮች ተገኙ። ደምተው አያውቁም። እንዳይደሙ ስሮቹ ሁለት ጊዜ በትናንሽ ላስቲክ ታሰሩላቸው። ሦስተኛውን ቀጠሮ ግን ቤተሰቡ ተመካክሮ አስቀረው። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ለሁላችንም ይመክራሉ። ያልደማ ደም ስር አይነካም ይላሉ። ለዚህ የሚታዘዘው ክኒን የደም ግፊት እንጂ የጉበት አይደለም። ማሰሩ ራሱ ያደማል። «ተመላለሱ» የሚባለው ለገንዘብ ነው። ስሩን ወግቶ የሚያደርቀው የድሮው መርፌ ይሻል ነበር። ደግሞስ ማሰሩ ጉበትን መቼ ያድናል? በመሀል እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት ነገርም አለች፦ ይህ የጠጪ በሽታ ነው፣ ወንድሜ ግን ጠጥቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ምርመራው ራሱ ያጠራጥራል።

እኔ እዚሁ ከተማ ኢንዶስኮፒ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ ቱቦውን ሲያስገባ ላስቲኩን የማዘጋጀው፣ የታማሚውን አገጭ የምይዘው፣ «በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ አይዞዎት» የምለው እኔ ነኝ። ሲያልቅ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ጠብቆ የሚይዘውም እኔን ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ያነሷቸውን ጥያቄዎች በየሳምንቱ እሰማቸዋለሁ። ጥያቄዎቹ ደህና ናቸው። መልሶቹ ናቸው ያሳሰቡኝ።

እንደ ዋዛ ከተጣለችው ልጀምር። ብዙ ሰው የምትጎዳው እሷ ናት።

ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣ ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት ውስጥ ያልፋል። ጉበት ሲጠባሰስና ሲጠጥር ደሙ ማለፊያ ያጣል። ይህን ለሐዋሳ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ዋናው አስፋልት ሲዘጋ ባጃጁ ሁሉ ምን ያደርጋል? ውስጥ ለውስጥ ይገባል። ኮብልስቶኑ ግን ለዚያ ሁሉ ባጃጅ አልተሠራም። ደሙም እንዲሁ በጨጓራና በምግብ ቧንቧ ግድግዳ ባሉ ቀጫጭን ስሮች በኩል መንገድ ይፈልጋል። ስሮቹ ይወጠራሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ያብጣሉ። ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ ውጥረቱ ሲበዛ ይፈነዳሉ። ሐኪሞች ቫሪስ የሚሉት እነዚህን ነው።

እንግዲህ አስፋልቱን የዘጋው ማነው? መጠጥ አንዱ ነው። አረቄ ጉበት ይጎዳል፣ ክርክር የለውም። ግን ሄፓታይተስ ቢም አለ። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ይተላለፋል፣ ወይ በልጅነት ይገባል፣ ከዚያ ሃያ ሠላሳ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። አገራችን ክትባቱን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን አላገኘነውም። ሄፓታይተስ ሲም አለ። ከስኳርና ከውፍረት ጋር የሚመጣ የጉበት ስብም አለ።

ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ ደግሞ አለ። ሐይቃችን ዳር ትሉ እንደሚገኝ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይለቀቃል። የሚዋኘውን፣ መረብ የሚጥለውን፣ ልብስ የሚያጥበውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ከዚያ በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ስሮች ውስጥ ኑሮውን ይመሠርታል። እንቁላሉን ደሙ ወደ ጉበት ይወስደዋል፣ እዚያ ጠባሳ ይሆናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት አካባቢ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሳ እያራገፈ ያደገ ልጅ አንድ ጠብታ አረቄ ሳይቀምስ በአርባ ዓመቱ ደም ሊያስታውክ ይችላል።

«ጠጪ» የምትለው ቃል ሌላም ጣጣ አላት። አንዲት እናት ነበሩ። ጠላ እንኳ የማይቀምሱ ጸሎተኛ። ጥቁር ሰገራ እያዩ ሦስት ወር ደብቀው ነው የመጡት። ለምን ስላቸው «ሰፈሩ ምን ይለኛል፣ ተደብቃ ትጠጣ ነበር አይለኝም?» አሉኝ። እንግዲህ ጸሐፊው በአንዲት መስመር ያሉትን ነገር እኛ ኮሪደር ላይ እንዲህ ሆኖ ነው የምናገኘው።

አሁን ወደ ዋናው። ካልደማ አይነካ።

ቁጥሩን ላስቀምጥና እንነጋገር። ጉበታቸው ከጠጠረ ሰዎች ግማሽ ያህሉ እነዚህ ያበጡ ስሮች አሉባቸው። ካሉባቸው 100 ሰዎች ውስጥ በዓመት ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ይደማሉ። ከደሙት 100 ሰዎች ደግሞ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት በስድስት ሳምንት ውስጥ ይሞታሉ። ይህም ሁሉ ነገር በተሟላለት ሆስፒታል ውስጥ ነው።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። የታየ ስር ሁሉ አይታሰርም። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ፣ ላዩ ላይ ቀይ ጭረት የሌለው፣ ጉበቱም ብዙ ያልደከመ ሰው ከሆነ ላስቲክ አያስፈልገውም። ቀጠሮ ይዞ እየታየ ይቆያል። ሐኪሙ ቱቦውን አውጥቶ «ለጊዜው አያስፈልግም» ያለባቸውን ቀናት ብቆጥር ብዙ ናቸው። ትልቁ ስር፣ ቀይ ጭረት ያለው ስር፣ የደከመ ጉበት፣ እነዚህ ናቸው አደጋው። ለእነሱ ማሰር ምንም ካለማድረግ ይሻላል ወይ የሚለው ደግሞ በግምት የተተወ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ግምገማ 637 ሰዎች የተሳተፉባቸውን ስድስት ሙከራዎች አንድ ላይ አይቷል። ሁሉም ጉበታቸው የጠጠረ፣ ስራቸው ያበጠ፣ ገና ያልደሙ ሰዎች ናቸው። ከታሰሩት ውስጥ የደሙት ካልታሰሩት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ሞትም በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከቁጥሩ ይልቅ መንገዱ ነው።

«ሲደማ እንሄዳለን» ማለት ለማን ነው የሚሠራው? እዚሁ ከተማ አቶቴ ለሚኖር ሰው ምናልባት። ባጃጅ ይዞ ይደርሳል። ከሩቅ ወረዳ፣ ከበንሳ ወይም ከአሮሬሳ ለሚመጣውስ? ደሙ ሲፈስ መኪና መፈለግ አለ፣ ሌሊት ከሆነ ሾፌር መቀስቀስ አለ። ጤና ጣቢያ ደርሶ ሪፈር መጻፍ አለ። ከዚያ መንገዱ። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ ቤተሰብ ደሙን በሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ ይዞ መጣ። ሐኪም ይየው ብለው ነው። ልጅየው ጆጉን እንዳይፈስበት በሁለት እጁ አቅፎ መኪና ላይ ሦስት ሰዓት ተጉዟል። እኔ ስቀበለው ደሙ እንደ እርጎ ረግቶ ነበር። አባትየው አልጋው ላይ ናቸው፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ለእኚህ ሰው ከስድስት ወር በፊት ትልልቅ ስሮች እንዳሉባቸው ተነግሯቸው ነበር። እቤት «ካልደማ አይነካ» ተባለ። ልክ በእነዚህ ቃላት።

አባትየው ያን ሌሊት ተረፉ። ሁሉም ግን አይተርፍም። ሩቅ ለሚኖር ሰው ነው መከላከሉ የበለጠ የሚያስፈልገው። ጸሐፊው ምክራቸውን ገልብጠውታል።

እግረ መንገዴን፣ ደም ለሚያስታውክ ሰው ወተት አትስጡ። ቀዝቃዛ ውሃም፣ ፌጦም፣ ምንም። በጎኑ አስተኙትና ይዛችሁ ሩጡ። ሆስፒታል ከደረሳችሁ በኋላም «ደም ጨምሩለት፣ ጨምሩለት» ብላችሁ አትጣሉን። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በ921 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደም በቁጠባ የተሰጣቸው ሰዎች በልግስና ከተሰጣቸው የበለጠ እንደተረፉ አሳይቷል። ደሙ ሲበዛ የተወጠረው ስር የባሰ ይወጠራል። ስስት አይደለም።

ክኒኑ ጋ ስደርስ ፈገግ አልኩ። ጸሐፊው ሳያውቁት የላስቲኩን ዋና ተፎካካሪ ነው የተሳደቡት።

ፕሮፕራኖሎል የደም ግፊት መድኃኒት ነው፣ እውነት። ግን ክንድ ላይ የሚለካው ግፊት ሌላ፣ ወደ ጉበት በሚገባው ትልቅ ደም ስር ውስጥ ያለው ሌላ። የወንድማቸው ክንድ 110 በ70 ሊል ይችላል። ሆዳቸው ውስጥ ያለው ግን ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል። ክኒኑ የልብን ምት ረጋ ያደርጋል፣ የአንጀት ደም ስሮችን ጠበብ ያደርጋል። ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ሲቀንስ ውጥረቱም ይቀንሳል። ይህን ዲዲየ ለብሬክና የፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሳዩ፣ ዓለም ሁሉ ተከተላቸው። አሁን ብዙ ሐኪሞች ካርቬዲሎል የሚባለውን የቅርብ ዘመዱን ያስቀድማሉ።

ክኒኑና ላስቲኩ ሲወዳደሩስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ግምገማ 19 ሙከራዎችን አይቶ ያገኘው ይህ ነው፦ ላስቲኩ የመጀመሪያውን መድማት በመከላከል ትንሽ ይበልጣል፣ በሞት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ላልደማ ሰው በክኒን መጀመር ነውር የለበትም። ብዙ ጊዜ የተሻለውም እሱ ነው፣ ሆድ ውሃ መቋጠርን ለመከላከልም ያግዛልና። ወንድማቸው ክኒኑ ከተስማማቸው ላስቲኩ ይቅር የሚል ክርክር ቢያነሱ ከሐኪሙ ጋር ተቀምጠው የሚያወሩት ነገር ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ጣሉት።

ለክኒኑ የማይሆን ሰውም አለ። አስም ያለበት፣ የልብ ምቱ ከወትሮው የዘገየ፣ ግፊቱ ዝቅ ያለ። የሚያደክመው አለ። በአፋቸው የማይናገሩት የአልጋ ጉዳይ ያስቸገራቸው ወንዶችም አሉ። እነዚህ ዝም ብለው ክኒኑን ያቆሙትና «እየዋጥኩ ነው» ይሉናል። እባካችሁ ንገሩን። ላስቲኩ ለእንደናንተ ዓይነቱ ነው ያለው። በድንገት ማቆም ደግሞ ራሱ አደጋ አለው።

አንድ የማልረሳው ነገር አለ። አንድ ሰውዬ ክኒኑን በታማኝነት እየወሰዱ መጡ። የልብ ምታቸውም ቀንሷል። ማሸጊያውን ሳየው አቴኖሎል ነው። የታዘዘላቸውን ሲያጡ አንድ ቦታ «ያው ነው፣ ዘመዳሞች ናቸው» ተብለው ተቀይሮላቸዋል። ያው አይደለም። አቴኖሎል ልብን ያዘገያል እንጂ የአንጀት ደም ስሮችን አያጠብም። እቤታችሁ ያለውን ማሸጊያ አሁኑኑ አንብቡት። የልብ ምት መቁጠርም ተማሩ። ቁጭ ብሎ አርፎ በደቂቃ ከ55 እስከ 60 ከሆነ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። የላይኛው ግፊት ግን ከ90 በታች እንዳይወርድ።

እስካሁን ያልኩት ላልደማ ሰው ነው። አንዴ ለደማ ሰው ምርጫ የለም፣ ሁለቱም ነው። ክኒንም ላስቲክም። የደማ ሰው ሳይታከም ከተተወ ከ100 ውስጥ 60 የሚሆኑት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ይደማሉ።

ቀጥሎ ያለው የጸሐፊው ነጥብ ከሁሉም የከበደኝ ነው። አንድ የሚያውቁት ሰው ታስሮ በሳምንቱ ደም አስታውኮ እንደሞተ ጽፈዋል። ነፍስ ይማር። ይህ አይሆንም ብዬ አልዋሽም። ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን ግን ላሳያችሁ።

ላስቲኮቹ የሚመጡት ጣት የማታህል ግልጽ የፕላስቲክ ቆብ ላይ ተጠቅልለው ነው። ስድስት ወይም ሰባት ናቸው። ቆቡን ቱቦው ጫፍ ላይ እሰካለሁ። ክሩን በቱቦው ውስጥ አሳልፌ ከመያዣው ጋር ባለው መዘውር ላይ አጠነጥነዋለሁ። ታማሚው በግራ ጎኑ ተኝቷል፣ ጉሮሮው ላይ ማደንዘዣ ተነፍቶበታል። ሐኪሙ እስከ ጨጓራ መግቢያ ይወርድና ከታች ወደ ላይ መሥራት ይጀምራል። ያበጠውን ስር ወደ ቆቡ ውስጥ በአየር ይስበዋል። ስክሪኑ በአንዴ ቀይ ይሆናል። ሌላ ምንም አይታይም። ያኔ መዘውሩን ያዞረዋል፣ «ቀጭ» ትላለች። ሲለቀው የበሰለ ቀይ ቡና የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ይታያል፣ አንገቱ ላይ ላስቲክ የታሰረበት። የሲዳማ ሰው ስክሪኑን ቢያየው «ይሄማ ለቀማ የደረሰ ነው» ይል ነበር።

ያ «ቡና» ደም ስለማያገኝ ይደርቃል። ከ5 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ከነላስቲኩ ይረግፋል። ሲረግፍ ከሥሩ ትንሽ ቁስል ይተዋል። ብዙው ሰው ላይ ቁስሉ በፀጥታ ይድናል። ጥቂቱ ላይ ይደማል፣ በተለይ ጉበቱ በጣም በደከመ ሰው ላይ። ጸሐፊው የሚያውቁት ሰው የገጠማቸው ይህ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ አደጋውን ከሌላኛው አደጋ ጋር መዝኖ ነው የሚገባበት። ክኒን ለሚበቃው ሰው በክኒን የሚጀመርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ቁስሉ በሰላም እንዲድን የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ምግቡ ላይ ደግሞ እኔ ክፉ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ፈሳሽ፣ ያውም ያልሞቀ። ከዚያ አጥሚት፣ ሾርባ፣ የበረደ ገንፎ። የደረቀ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በበርበሬ የነደደ ወጥ ለሳምንት ይረሳ። ዓሳም። ሐዋሳ ላይ ዓሳ አትብሉ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንዱ ከታሰረ በሦስተኛው ቀን አሞራ ገደል ተቀምጦ ጥብስ ሲበላ ባለቤቴ አይቶት ነገረኝ። አጥንቷ አንዷ ብትሰካበትስ? ስልክ ደውዬ ተቆጣሁት። «ሲስተር፣ ስሱን ብቻ ነው የበላሁት» አለኝ። ጥቁር ሰገራ ከታየ፣ ደም ካስታወከ፣ ራሱን ካዞረው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይምጣ። መዋጥ ትንሽ ማመሙና ደረት ላይ ጫን ማለቱ ለአንድ ሁለት ቀን ያለ ነው።

መርፌው። ይህኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ስሩን በመድኃኒት ወግቶ ማድረቅ የቆየ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለት የስዊድን ሐኪሞች ናቸው የጀመሩት። ለደማ ሰው በጊዜው ብዙ ነፍስ አትርፏል፣ ዛሬም ላስቲክ በሌለበት የደማን ስር ለማቆም ይጠቅማል። ላልደማ ሰው ግን ተሞክሮ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ሙከራ፣ መርፌውን ከወሰዱት ውስጥ የሚሞተው ሰው ስለበዛ በመሀል እንዲቆም ተደርጓል። ቁስሉ ጥልቅ ነው፣ ቧንቧውን ሊያጠበው ወይም ሊበሳው ይችላል። ያልደማውን አትንኩ የሚሉት ጸሐፊ ላልደማ ሰው ጎጂ ሆኖ የተገኘውን ማወደሳቸው ትንሽ ግራ ገብቶኛል።

ወደ ምልልሱና ወደ ገንዘቡ።

በአንድ ቀጠሮ ሁሉም ስር አይታሰርም። የላስቲኩ ቁጥር የተወሰነ ነው። ቧንቧውን በአንዴ ዙሪያውን ቢያስሩት ደግሞ ሊጠብ ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እየቆየ ይደገማል፣ ስሩ እስኪጠፋ። ከዚያ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አንዴ ይታያል። ቀጥሎ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ። ለምን? መንገዱ አሁንም ዝግ ነዋ። ባጃጆቹ ሌላ ቅያስ ይፈልጋሉ። ስሩ ይመለሳል። መሀል ላይ የተቋረጠ ማሰር ደግሞ ግማሹ ገንዘብ ወጥቶ ግማሹ ስር እንዳለ ቀረ ማለት ነው።

ገንዘቡ ላይ ግን ጸሐፊውን አልከራከራቸውም። ላስቲኩ ከውጭ ነው የሚመጣው። የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ቤተሰብ «ከውጭ ግዙና ኑ» የሚባልበት ቀን አለ፣ እኔም ብያለሁ፣ ስናገረው አፌ ላይ ይከብደኛል። የጤና መድህን ደብተር ይዞ የመጣ ሰው «መድህኑ ይህን አይሸፍንም እንዴ?» ሲለኝ ወለሉን ያየሁባቸው ቀናት አሉ። ከሩቅ የመጣ ሰው የአልጋ፣ የምግብ፣ የትራንስፖርት ሂሳቡ ከሕክምናው ሊበልጥ ይችላል። ይህ ቅሬታ ልክ ነው፣ ጮክ ተብሎ ሊነገር የሚገባ ነው። አንድ ቦታ ቀጠሮ ያበዙባቸው ከመሰላቸውም «ለምንድን ነው የምመለሰው? ስንት ስር ቀረ?» ብለው ይጠይቁ። ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል። መብታቸው ነው። ሕክምናው ውድ ስለሆነ ግን ሕክምናው ውሸት ነው አይባልም።

ጉበትን አያድንም ለሚለውማ፣ አዎ፣ አያድንም። ላስቲክ ነው። የጠጠረውን ጉበት አያለሰልስም፣ የሆዱን ውሃ አያደርቅም፣ ዓይን ቢጫ ከሆነም አያነጻም። አያድንም ብለን ነው የምንጀምረው። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ሰውየው ሌላው ሕክምና እስኪሠራ ድረስ በደም መፍሰስ እንዳይሞት ጊዜ ይገዛለታል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ቴኖፎቪር የሚባለውን የቫይረሱን መድኃኒት ጀምሮ ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ ጉበቱ ሊያገግም ይችላል። ግን እስከዚያ መቆየት አለበት። የሚጠጣ ሰው ካቆመ እንደዚያው ነው።

ቢልሃርዚያ ላይ ደግሞ ነገሩ ይለያል፣ እዚህ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ደግመን የምናስበው ነው። ቢልሃርዚያ የሚያጠባስሰው በዋናነት በደም ስሩ ዙሪያ ያለውን ነው። የጉበቱ ሥጋ ራሱ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይሠራል። ሰውየው ዓይኑ ንጹሕ፣ ጉልበቱ ደህና፣ ሥራውን የሚሠራ ነው። ጣፊያው አብጦ ከጎድን አጥንቱ ሥር ይዳሰሳል፣ በቃ። እንዲህ ያለ ሰው የሚሞተው ከጉበት ድካም ይልቅ በደም መፍሰስ ነው። ያንን ከከለከላችሁለትና ትሉን በፕራዚኳንቴል ከገደላችሁለት ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ሊኖር ይችላል። «ጉበትን ካላዳነ ምን ይሠራል» የሚለው ክርክር በጣም የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። እሱ እኮ ጉበቱ ደህና ነው።

ጸሐፊው ወንድማቸው በምን እንደታመሙ አልጻፉም። ቢ ነው? ሲ ነው? የሐይቁ ነው? ያ ካልተመረመረ መጀመሪያ እሱ ይመርመር። ቢ ከሆነ እናታቸው፣ ወንድም እህቶቻቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸውም ይመርመሩ። እርስዎም ጭምር፣ ጸሐፊው። የሌለበት ይከተባል፣ ሦስት መርፌ ነው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ደግሞ አልፏል ተብሎ አይቀርም። ከምንም አይጀመርም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። የሁለቱን ጊዜ የኢንዶስኮፒ ሪፖርት ይዘው ይምጡ፣ ስንት ላስቲክ እንደገባና ስንት ስር እንደቀረ እዚያ ላይ አለ። የሚወስዱትን ክኒን ከነማሸጊያው ይያዙት። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ምግብ አይቅመሱ፣ የጠዋት ክኒናቸውን ግን በአንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጡ። አስም ካለባቸው ለሐኪሙ ይንገሩ። ሰው ይከተላቸው፣ ብቻቸውን አይምጡ። እርስዎ ቢከተሏቸው ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ኮሪደሩ ላይ እንገናኛለን። የቀረዎት ጥያቄ ካለ እዚያው እንጨርሰዋለን።